የመጀመሪያው ድንጋጤና ሁለተኛው ሐሳብ፦ የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦናንና የጥንት ፍልስፍናን በዕለት ኑሮ የመጠቀሚያ መመሪያ

ቻርለስ ዳርዊን ስለ ስሜቶች አገላለጽ እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው መጽሐፉ በራሱ ላይ ያደረገውን አንድ ሙከራ ይተርካል። በለንደን መካነ አራዊት፣ እፉኝት በተቀመጠበት ክፍል ወፍራም መስታወት ላይ ፊቱን አስጠግቶ ቆመ፤ እባቡ ቢወረወር እንኳ ወደ ኋላ ላለማለት ቁርጥ ሐሳብ አድርጎ ነበር። እፉኝቱ በተወረወረ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ቁርጠኝነት ከንቱ ሆነና ዳርዊን በሚያስገርም ፍጥነት አንድ ሁለት ያርድ ወደ ኋላ ዘለለ። በዕድሜው ደርሶበት በማያውቅ አደጋ ምስል ፊት ፈቃዱም ማስተዋሉም አቅም እንዳጡ ሳይደብቅ ጽፏል።

ከዳርዊን 1,700 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ አውሉስ ጌሊየስ ደግሞ በባሕር ላይ ያየውን ጽፎልናል። ከግሪክ ወደ ጣልያን በመርከብ ሲሻገር ሌሊት ላይ ማዕበል ተነሣ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ኢስጦኢክ ከሚባለው የጥንት የፍልስፍና ወገን የሆነ አንድ ስመ ጥር ፈላስፋ ነበርና ጌሊየስ «እርሱስ ምን ይሆን ይሆን?» ብሎ ፊቱን ቢመለከት እንደ ማንኛውም ሰው ገርጥቶ አገኘው፤ ከሌሎቹ የተለየው ባለመጮኹና ባለማልቀሱ ብቻ ነበር። ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ጌሊየስ በትሕትና ቀርቦ ምክንያቱን ሲጠይቀው ፈላስፋው ከከረጢቱ የኢስጦኢኩን የኤፒክቴተስን ትምህርት የያዘ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠው። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ወይም የአደጋ ምልክት ሲታይ የጠቢብም ልብ ለአፍታ ይናወጣል፣ ፊቱም ይገረጣል፤ ይህ ከፈቃዱ ውጭ ነውና አያስነቅፈውም። ጠቢቡ ከሌላው ሰው የሚለየው ቀጥሎ ባለው ቅጽበት ነው፤ ድንጋጤው «ይህ ክፉ ነገር ነው» ብሎ ሲነግረው ሳይመረምር እሺ አይልም።

የተፈጥሮ ተመራማሪውና ፈላስፋው በዚህ ነጥብ ይስማማሉ። የመጀመሪያው ድንጋጤ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ተከትሎት የሚመጣው ሐሳብ ግን በአብዛኛው የእኛ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦናን የምንጠቀመው የመጀመሪያው ስሜት ለምን እንደሚመጣ ለማወቅ፣ የጥንቱን ፍልስፍና ደግሞ ከዚያ በኋላ የምናደርገውን ለመለማመድ ነው። ሥራቸውን ብናለዋውጥ፣ ማለትም ዝግመተ ለውጥን የንስሐ አባት፣ ፍልስፍናን ደግሞ የሰው አካልና አእምሮ አመጣጥ መምህር ብናደርግ፣ ሁለቱም ያሳስቱናል።

ከልምምዱ በፊት መታወቅ ያለበት

የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦና መነሻ ሐሳብ አስቸጋሪ አይደለም። ዓይናችንና እጃችን በረጅም ዘመን ተፈጥሯዊ ምርጫ እንደተቀረጹ ሁሉ የምንፈራበት፣ የምንቆጣበት፣ የምንመኝበትና የምናፍርበት የአእምሮ አሠራርም እንዲሁ ተቀርጿል፤ የቀረጹትም የዛሬው ኑሮ ችግሮች ሳይሆኑ የቀደሙት ሰዎች በአነስተኛ ቡድን እያደኑና ፍሬ እየለቀሙ ሲኖሩ የገጠሟቸው ችግሮች ናቸው። በእኛው አገር በኦሞ ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት 230,000 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ዕድሜ እንዳለው ተገምቷል፤ በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ቅሪቶች ደግሞ ወደ 300,000 ዓመት ይጠጋሉ። እርሻ ከተጀመረ ግን 12,000 ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር የዛሬ ጠዋት ነገር ነው። ሊዳ ኮስሚደስና ጆን ቱቢ የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት ይህ አስተሳሰብ፣ ብዙው የዘመናችን ጭንቀት ለአንድ ዓለም የተሠራ አእምሮ በሌላ ዓለም ውስጥ ሲኖር የሚፈጠር አለመጣጣም ነው ይላል።

ይህ ማለት ግን ፍርሃትና ምኞት ከማኅፀን ጀምሮ ተጠናቀው ይመጣሉ ማለት አይደለም። ሱዛን ሚኔካና ማይክል ኩክ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት፣ በቤተ ሙከራ ያደጉ ጦጣዎች ሌላ ጦጣ እባብ ሲፈራ በቪዲዮ አይተው እባብን መፍራት ተማሩ፤ ቪዲዮው ተቀናብሮ ጦጣው አበባን የፈራ ሲመስል ግን አበባን መፍራት አልተማሩም። የወረስነው ያለቀለት ፍርሃት ሳይሆን አንዳንዱን ነገር ቶሎ፣ አንዳንዱን ደግሞ በዝግታ የመማር ዝንባሌ ነው። መኪና ከእባብ ይልቅ ብዙ ሰው በሚገድልበት ከተማ እየኖርን መንገድ ስንሻገር ስልካችንን የምናነበው፣ የጎማ ቁራጭ በሣር ውስጥ ስናይ ግን የምንዘለው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

የጥንቱ ፍልስፍና በበኩሉ ለአማርኛ አንባቢ ባይተዋር አይደለም፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ያገኛቸውን የኤፊቆሮስ ወገኖችና ኢስጦኢኮች በስማቸው ይጠራቸዋል። ኢስጦኢኮች ስማቸውን ያገኙት መሥራቻቸው ዜኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ያስተምርበት ከነበረው ባለ ሥዕል የአቴና በረንዳ ነው፤ ኤፊቆሮስም በዚያው ዘመን በአንድ የአትክልት ቦታ ከወዳጆቹ ጋር ይኖርና ያስተምር ነበር። ከኢስጦኢኮች መካከል እዚህ የምናነሣቸው ኤፒክቴተስ፣ ሴኔካና ማርከስ ኦሬሊየስ ናቸው። የመጀመሪያው ባሪያ ሆኖ ኖሮ በኋላ ነጻ የወጣ፣ ሁለተኛው የኔሮን መምህርና አማካሪ የነበረና እ.ኤ.አ. በ65 በዚያው በኔሮን ትእዛዝ ራሱን እንዲገድል የተገደደ ባለጸጋ፣ ሦስተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 የነገሠ ንጉሠ ነገሥት ነው። የኑሮ ደረጃቸው ይህን ያህል ተራርቆ ልምምዳቸው አንድ መሆኑ፣ ትምህርቱ የድሎት ፍልስፍና ብቻ ነው የሚለውን ክስ ቢያንስ ያዳክመዋል።

ወደ ተግባር ከመግባታችን በፊት አንድ ግጭት ሳናልፍ ማየት አለብን። ኢስጦኢኮች «ከተፈጥሮ ጋር ተስማምታችሁ ኑሩ» ሲሉ ተፈጥሮ በበጎ አሳቢነት የሚመራ መሆኑን አምነው ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ ግን ስለ ሰላማችን ደንታ የለውም፤ ብዙ ልጅ ያተረፈውን ባሕርይ፣ ባለቤቱን ቢያስጨንቀውም እንኳ፣ ያቆየዋል። ስለዚህ ዛሬ ይህን መርሕ የሚከተል ሰው «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ወደ ልቡ የመጣ ግፊት አድርጎ ሊተረጉመው አይገባም። ኢስጦኢኮችም ራሳቸው ቃሉን ለሰው ልጅ ሲጠቀሙበት ማሰብ የሚችልና ከሌሎች ጋር ለመኖር የተፈጠረ መሆኑን ማለታቸው ነበር። እስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂውም እ.ኤ.አ. ከ1739 ጀምሮ ባሳተመው ሥራው እንዳሳሰበው፣ «እንዲህ ነው» ከሚለው «እንዲህ መሆን አለበት» ወደሚለው የሚወስድ ቀጥተኛ መንገድ የለም።

ድንጋጤውን ከትርጉሙ መለየት

ለመጀመሪያዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት ምንም ነገር ለመለወጥ አይሞክሩ። አነስተኛ ደብተር ይያዙና ልብዎ በተናወጠ ቁጥር፣ ሲመችዎ፣ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ የሆነውን ነገር እንደ ካሜራ ያለ ምንም ቅጽል፣ ሰውነትዎ ያሳየውን ለውጥ፣ ከዚያም ለራስዎ የነገሩትን ዐረፍተ ነገር። ለምሳሌ «አለቃዬ ከሰዓት በኋላ እንድመጣ ጠራኝ፤ ሆዴ ተላወሰ፤ ሊያባርሩኝ ነው አልሁ።» ኤፒክቴተስ ሰዎችን የሚያውካቸው ነገሩ ራሱ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያላቸው ፍርድ ነው የሚለው ይህን ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ነው። ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሲጽፍ ሦስቱን ያደባልቃል፤ «አለቃዬ በንቀት ጠራኝ» ብሎ ይጀምራል። «በንቀት» የሚለው ቃል ከሆነው ነገር ሳይሆን ከፍርዱ ወገን መሆኑን ለማየት እኔ ራሴ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

እዚህ ላይ የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦና አንድ የሚያጽናና ነገር ይጨምራል። ራንዶልፍ ኔሲ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም የፍርሃትን አሠራር ከጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ጋር ያነጻጽረዋል። ጠቋሚው ሽንኩርት ባረረ ቁጥር ቢጮህ ያሰለቻል እንጂ አይገድልም፤ ቤት ሲቃጠል አንዴ ዝም ቢል ግን ይገድላል። ስለዚህ በትክክል የተሠራ ጠቋሚ አብዛኛውን ጊዜ በከንቱ የሚጮህ ነው። ከአገር ርቀን የምንኖር ሰዎች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ሲጠራ የሚሰማንን እናውቃለን፤ ገና ስሙን ሳናይ መርዶ ነው ብለን ልባችን ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የደወለው የሰዓቱን ልዩነት የረሳ የአጎት ልጅ ነው። ልብዎ እንዲህ በመደንገጡ ራስዎን አይውቀሱ፤ ጠቋሚው ሥራውን ሠርቷል። የእርስዎ ድርሻ ተነሥቶ ወጥ ቤቱን ማየት፣ እሳት ከሌለም መስኮት ከፍቶ መመለስ ነው።

ቁጣን ማዘግየት

በዚህ ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን፤ ከስሜቶች ሁሉ ፈጥኖ ጉዳት የሚያደርሰውም በልምምድ ፈጥኖ የሚሻሻለውም ቁጣ ነውና። አንዳንድ የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቁጣን እንደ ድርድር መሣሪያ ያዩታል፤ ሌላው ሰው ለጥቅማችንና ለክብራችን የሚሰጠውን ግምት እንዲያስተካክል የሚያስገድድ ስሜት ነው ይላሉ። ሁሉም በሚተዋወቅበት አነስተኛ ቡድን ውስጥ፣ ተጠቅቶ ዝም የሚል ሰው ነገም እንደሚጠቃ ግልጽ ነበር። በታክሲ ሰልፍ ላይ ገፍቶን ያለፈው ሰው ግን ዳግመኛ አይገናኘንም፤ ግምቱን ቢያስተካክልም ባያስተካክልም ለእኛ የሚጨምረው ነገር የለም። ደማችን ግን ይህን አያውቅምና ይፈላል። በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ስሙን እንኳ ከማናውቀው ሰው ጋር እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከረውም ከዚሁ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፋቸው ሦስት መጻሕፍት ውስጥ የቁጣ ትልቁ መድኃኒት መዘግየት መሆኑን ደጋግሞ ይናገራል። አንድ ታሪክም ያመጣል። ፕላቶ፣ በቀድሞ መጻሕፍታችን አጠራር አፍላጦን፣ በአገልጋዩ ተቆጥቶ ሊመታው እጁን ካነሣ በኋላ መቆጣቱን አስተዋለና እጁን እንዳነሣ ቆመ። አንድ ወዳጁ ደርሶ ምን እያደረገ እንደሆነ ሲጠይቀው «የተቆጣ ሰው እየቀጣሁ ነው» አለው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ተቆርጦ ይነገራል። ሴኔካ ግን ይቀጥላል፤ ፕላቶ «እኔ ተቆጥቻለሁና አንተ ግረፍልኝ» ብሎ አገልጋዩን ለእኅቱ ልጅ ለስፔዩሲፐስ አሳልፎ ሰጠው። የጥንት ሰዎችን ልምምድ ስንወስድ ባሪያ መግረፍን ትክክል ያደረገውን ዓለማቸውን አብረን እንዳንወስድ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ማስታወስ ይገባል።

ከሁሉ የሚቀለውን የማዘግየት ዘዴ ያስተማረው አቴኖዶረስ የተባለው የአውግስጦስ ቄሣር መምህር ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደዘገበው፣ ሸምግሎ ሲሰናበት ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠው ምክር፣ ሲቆጣ ሃያ አራቱን የግሪክ ፊደላት በልቡ ሳይጠራ አንዳች እንዳይናገርና እንዳያደርግ ነበር። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ግእዙን ብቻ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ቢቆጥር ሠላሳ ሦስት ፊደል ያገኛል፤ ነገሩ የከፋ ከሆነም ካዕብና ሣልስ አሉለት። ሲቆጥሩ ፊደሉን እየሣሉ ይቁጠሩ፤ እንዲያው በቃል ብቻ ከሆነ አፍ እየቆጠረ ልብ ስድብ ያዘጋጃል።

ለጽሑፍ መልእክት ደንቡ ጠንከር ማለት አለበት። ተቆጥተው የጻፉትን መልስ ከቴሌግራም ወይም ከዋትሳፕ ውጭ፣ በስልኩ የማስታወሻ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ በችኮላ መላኪያውን የመንካት ዕድል እንዳይኖር ነው። ከዚያ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት ሲያነቡት ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፤ ይህ ሰው ለእኔ ያለው ግምት በኑሮዬ ላይ ለውጥ ያመጣልን? ያደረገው ነገር ሳላውቀው የቀረሁት ምክንያት ሊኖረው ይችላልን? መልሴስ ነገሩን ያስተካክላል ወይስ ያቀጣጥላል? እኔ እንዲህ ካሳደርኋቸው መልእክቶች ብዙዎቹን ጨርሶ አልላክኋቸውም፤ የላክኋቸውም በግማሽ አጥረዋል። ጥቅሙ ዝም ማሰኘቱ አይደለም። የመብት ጥያቄ ከሆነ፣ ለምሳሌ ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም የተዛባ ውሳኔ፣ ያደረ ደብዳቤ ቀኑንና ገንዘቡን በትክክል ስለሚጠቅስ የበለጠ ይሠራል።

ምኞትን በሦስት መክፈል

ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፉት ሐሳብ፣ ሰው ያገኘውን ነገር ፈጥኖ እንደሚለምድና ደስታው ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ያስረዳል። ብሪክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባደረጉት የታወቀ ጥናት ሎተሪ የወጣላቸው 22 አሜሪካውያን ከጎረቤቶቻቸው ይህን ያህል ደስተኞች አልነበሩም፤ በዕለታዊ ጥቃቅን ነገሮች የሚያገኙት ደስታም ያነሰ ነበር። በጥናቱ የተካተቱት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነውና የመጨረሻ ማስረጃ አድርገን ልንይዘው አንችልም። ከዝግመተ ለውጥ አንጻር ግን አቅጣጫው የሚጠበቅ ነው፤ ባገኘው ፍሬ ለዘላለም ጠግቦ የተቀመጠ ፍጡር፣ በማግሥቱ ሌላ ፍሬ ሊፈልግ ከወጣው ያነሰ ልጅ ያሳድጋል።

ኤፊቆሮስ ለዚህ ያዘጋጀው መሣሪያ ምኞቶችን በሦስት መክፈል ነው። አንዳንዶቹ የተፈጥሮና አስፈላጊ ናቸው፤ ምግብ፣ መጠለያ፣ ወዳጅ፣ ከፍርሃት ነጻ መሆን። አንዳንዶቹ የተፈጥሮ ሆነው አስፈላጊ ያልሆኑ ናቸው፤ ለምሳሌ የተለየ ጣፋጭ ምግብ። ሦስተኛዎቹ ከተፈጥሮም ያልመጡ፣ አስፈላጊም ያልሆኑ ናቸው፤ ዝና፣ ሥልጣንና ልክ የሌለው ሀብት ከእነዚህ ይመደባሉ፤ ወሰን ስለሌላቸውም አይሞሉም። የኤፊቆሮስ ስም ከተድላ ጋር ተያይዞ ቢቀርም፣ እርሱ ራሱ ድግስ ሲያምረው ከወዳጁ የጠየቀው አንዲት ማሰሮ አይብ ነበር። ዘመናዊው ሳይንስ ግን በሦስተኛው ክፍል ላይ አይስማማውም፤ የክብር ጥማት ከተፈጥሮ የመጣ መሆኑን ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ይቀበላሉ። የኤፊቆሮስ ምክር ግን በዚህ አይፈርስም፤ የዝና ምኞት ወሰን የለውም ያለው እውነት ነውና።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ሊገዙ ያሰቡትን፣ ነገር ግን ለዕለት ኑሮ የማያስፈልግ ዕቃ ሁሉ ከነዋጋውና ከቀኑ ጋር በደብተሩ ጀርባ ይጻፉና ለሠላሳ ቀን አይግዙት። ቀኑ ሲደርስ አሁንም ከፈለጉት ይግዙት፤ ይህ የምናኔ ልምምድ አይደለም። ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ ደግሞ ጥቂት ቀናት መርጦ በትንሽና በተራ ምግብ፣ በሻካራ ልብስም እንዲቆይ፣ ከዚያም «የፈራሁት ይህን ነበርን?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ መክሮታል። ጾምን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ የጾም ዓላማ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ይህን አንድ ጥያቄ በጾም ቀን መጠየቅ ግን የሚከለክለው የለም።

ይሉኝታን መግራት

እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የማይገልጸውን ነገር አማርኛ «ይሉኝታ» ብሎ ይጠራዋል፤ «ምን ይሉኛል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ስም ሆኗል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማርክ ሊሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ለራስ የሚሰጥ ግምትን ከመለኪያ ጌጅ ጋር አነጻጽረውታል፤ የነዳጅ ጌጅ ነዳጁን እንደሚያሳይ፣ ይህም በሌሎች ዘንድ ያለንን ተቀባይነት የሚያሳይ ነው። ከቡድን መገለል ለሞት በሚያደርስበት ዘመን እንዲህ ያለ ጌጅ ሕይወት አድን ነበር። ሮቢን ደንባር የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ አንድ ሰው ሊያስቀጥለው የሚችለውን ትውውቅ ወደ 150 ሰው ይገምተዋል፤ ቁጥሩ አከራካሪ ቢሆንም የአንድ መጠነኛ እድር ያህል ነው። ጌጁ ዛሬ የሚለካው ግን በሺህ የሚቆጠሩ የማናውቃቸውን ሰዎች አስተያየት ነው።

ኤፒክቴተስ በዚህ ላይ የሰላ ጥያቄ ያነሣል። አንድ ሰው አካልህን ላገኘው መንገደኛ ሁሉ አሳልፎ ቢሰጥብህ ትቆጣለህ፤ የሰደበህ ሁሉ እንዲያውከው አእምሮህን ራስህ አሳልፈህ ስትሰጥ ግን አታፍርምን? ይላል። ማርከስ ኦሬሊየስም ሰው ከሁሉ አብልጦ ራሱን እየወደደ ስለ ራሱ ከሚያስበው ይልቅ ሌሎች ስለ እርሱ የሚያስቡትን ለምን እንደሚያከብር ይደነቃል።

ይሉኝታ ግን ጨርሶ ይጥፋ ማለት ስሕተት ነው። ጎረቤትን ከመበደል፣ አደራ ከመብላት የሚያግደን እርሱም ጭምር ነው። ሊሠራ የሚገባው ነገር የጌጁን ገመድ ወደ ትክክለኛ ሰዎች ማዞር ነው። አስተያየታቸው በእርግጥ የሚያሳስብዎትን አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ይጻፉ፤ ሕይወትዎን የሚያውቁ፣ ስሕተትዎን በፊትዎ የሚነግሩ፣ በሚያጠፉ ጊዜም የማይሸሹ መሆን አለባቸው። ለሰርግ፣ ለልደት ወይም ለተዝካር ብድር ሊወስዱ ሲያስቡ «ሰው ምን ይላል?» የሚለውን ትተው «እነዚህ ሰዎች ምን ይላሉ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ብድሩን የሚያስቀር ነው።

ፕሉታርክ ሮማዊው ካቶ በእውነት በሚያሳፍር ነገር ብቻ ማፈርን ለመልመድ ሲል ያለ ጫማና ያለ ውስጥ ቀሚስ ወደ አደባባይ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። እስከዚህ መድረስ አያስፈልግም። ለአንድ ግብዣ አምና የለበሱትን ልብስ ደግመው መልበስ፣ ወይም በማያውቁት ጉዳይ በሰው ፊት «አላውቅም» ማለት በቂ መጀመሪያ ነው።

«ጋሼ» እና «እትዬ»፦ ክበቡን ማጥበብ

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ኢስጦኢኩ ሂየሮክሊስ እያንዳንዱን ሰው በክበቦች መካከል የቆመ አድርጎ ይሥለዋል። ቀራቢው ክበብ ራሱ፣ ቀጥሎ ወላጆቹ፣ ወንድምና እህቶቹ፣ ከዚያ ዘመዶቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ የከተማው ሰዎች፣ በመጨረሻም የሰው ዘር ሁሉ ነው። ምክሩም የውጭዎቹን ክበቦች አንድ ደረጃ ወደ መካከል መሳብ ነው፤ ለዚህ የሰጠው ዘዴ ደግሞ ስም አጠራርን መለወጥ ነበር፤ የአጎትን ልጅ ወንድም፣ አጎትን አባት፣ አክስትን እናት ብሎ መጥራት።

የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 በሒሳብ እንዳሳየው፣ ለሥጋ ዘመድ ማድላት በተፈጥሯዊ ምርጫ ሊስፋፋ የሚችል ባሕርይ ነው። ይህን ዝንባሌ መንቀል አይቻልም፤ ማታለል ግን ይቻል ይሆናል፤ ሂየሮክሊስም ያሰበው ይህን ይመስለኛል። አማርኛ ይህን ልምምድ ያለ አንድ ፈላስፋ ምክር ሲሠራበት ኖሯል፤ የማናውቀውን ሰው በመንገድ ላይ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ ወንድሜ፣ እህቴ እንላለን። ነገር ግን ስሙ ከልማድ ብዛት ትርጉሙ ይደክምበታል። ልምምዱ እንዲህ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሚያናድድዎት ሰው ጋር ሲነጋገሩ፣ «ወንድሜ» የሚለውን ቃል ከመናገርዎ በፊት ቃሉን አንድ አፍታ ያስቡት። ለእውነተኛ ወንድምዎ የማይሉት ነገር አፍዎ ላይ ከደረሰ ይዋጡት።

ስለ አደገኛ አጠቃቀም

የዝግመተ ለውጥ ማብራሪያ ለሰበብ ይመቻል። «ወንድ በተፈጥሮው እንዲህ ነው» ብሎ ለትዳሩ አለመታመኑን የሚያስረዳ ሰው ከሳይንሱ ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው፤ ቅናትና ታማኝነትም፣ ራስን መግዛትም ያው የሰው ተፈጥሮ ናቸውና። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ጄይ ጉልድና ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1979 በጻፉት ትችት፣ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ደስ የሚል የጥንት ታሪክ መፍጠር ማስረጃ ከማምጣት እጅግ እንደሚቀል አስጠንቅቀዋል። ከላይ ካቀረብሁት ውስጥም አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ስለ ቁጣ ያለው ማብራሪያ፣ ከጸና ግኝት ይልቅ አሳማኝ መላ ምት ነው። ልምምዱ ግን መላ ምቱ ቢወድቅም አይወድቅም።

የኢስጦኢክ ትምህርት በበኩሉ ግፍን ለማስቻል ይመቻል። ኤፒክቴተስ የሚያስተምረው፣ በእጃችን ያለውን ከሌለው መለየት ማለት አሠሪው ሲያጎሳቁል ዝም በል ማለት አይደለም፤ ማመልከት፣ መውጣት፣ እርዳታ መጠየቅ በእጃችን ካሉት ነገሮች ውስጥ ናቸው። እንቅልፍ የሚነሣ፣ ከሥራ የሚያስቀር ወይም ሞትን የሚያስመኝ ሐዘንና ጭንቀት ካለ ደግሞ ደብተሩን አስቀምጦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያም የሚገኘው ሕክምና ከዚህ ትምህርት ጋር ዝምድና አለው፤ አስተሳሰብን በማረም ላይ የተመሠረተውን የሥነ ልቦና ሕክምና ካስፋፉት መካከል አልበርት ኤሊስም አሮን ቤክም የሐሳባቸውን ምንጭ ከኢስጦኢኮች ቆጥረዋል።

የማታው ምርመራ

ሴኔካ ሌሊት መብራቱ ከተነሣና ልማዱን የምታውቀው ሚስቱም ዝም ካለች በኋላ ቀኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመረምር ነበር። ልማዱን ሴክስቲየስ ከተባለ ፈላስፋ እንደተማረና እርሱም ነፍሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ እንደነበር ይናገራል፤ ዛሬ የትኛውን ድካምህን ፈወስህ? የትኛውን ክፋት ተቋቋምህ? በምንስ ተሻልህ? ሴኔካ ጥፋቱን ሲያገኝ ለራሱ የሚለው «ይህን ዳግመኛ እንዳታደርግ፤ ለዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ» ነበር። ይህ አነጋገር ከሚመስለው በላይ አስፈላጊ ነው፤ ምርመራው ወደ ራስ ግርፋት ከተለወጠ በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል።

አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከቀኑ አንድ ድንጋጤ፣ አንድ ቁጣ ወይም አንድ ምኞት ይምረጡና የሆነውን፣ ሰውነት ያደረገውንና ለራስዎ ያሉትን ይጻፉ፤ በአራተኛው መስመር ነገ ተመሳሳይ ነገር ቢመጣ የሚሉትን ይጨምሩ። ያልጻፉበት ማታ ካለ ለማካካስ ሁለት ገጽ አይጻፉ፤ ከዛሬው ይቀጥሉ። ደብተሩ ከራስጌ ይሁን፤ ስልኩ በሌላ ክፍል ይደር።